የማኅበራችሁ አሮጌ መኪና ሥራ እንዳታቆም

በኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ግቢ አንዲት አሮጌ መኪና ቆማለች እንበል። በአራቱም እግሯ የምትጎትት ናት። ቀለሟ ለቋል፤ አንዱ በሯ በሽቦ ታስሯል። ይሁን እንጂ ክረምት ገብቶ ሌላው መኪና ሁሉ ከአስፋልቱ አልወርድም ሲል፣ ዘርና ማዳበሪያ ከመጋዘን የምታመጣው እርሷ ናት። ምጥ የጠናባትን እናት በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ የምታደርሰውም እርሷ ናት። እንግዲህ መኪናዋ ቆመች ማለት የብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰው ነፍስም አለበት።

ብዙ ሰው «አርጅታለች፤ ምን ይደረጋል!» ይላል። ይህ አባባል ልክ አይደለም። መኪና በዕድሜ ብዛት ብቻ አትሞትም። የሚገድሏት ሙቀት፣ ቆሻሻና ድርቀት ናቸው። ሙቀት ውኃ ሲጎድል ይመጣል። ቆሻሻ በአየርና በነዳጅ በኩል ይገባል። ድርቀት ዘይትና ግራሶ ሲያልቅ ይከተላል። ሦስቱንም በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ መካኒክ መሆን አያሻም። ፊደል መለየት፣ ቁጥር ማንበብና በየጠዋቱ ሩብ ሰዓት መስጠት ይበቃል።

በገጠራችን የሚታዩት አሮጌ ባለ አራት ጎታች መኪኖች ከጥቂት አገሮች የመጡ ናቸው። እንግሊዞች ላንድ ሮቨርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ዘመኑ የጦርነት ማግስት ስለ ነበር ብረት አጥሯቸው ገላዋን በአሉሚኒየም ሠሩት። ስለዚህ የላንድ ሮቨር ገላ እንደ ብረት አይዝግም። ከሥር የተሸከማት ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ይዝጋል። ጭቃ ተለጥፎበት አይክረም። ጃፓኖችም 40 የምትባለዋን ላንድ ክሩዘር በአገራቸው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ሠርተዋል። የእርሷ ገላ ራሱ ብረት ስለሆነ ከወለሉና ከበሩ ሥር ይበላል። ከሶቪየት ኅብረት የመጣችው ዋዝም አለች። እነዚህ መኪኖች ዛሬ ብዙዎቹ ከአርባ ዓመት በላይ ናቸው። ነገር ግን አሠራራቸው ቀላል ነው። ኮምፒዩተር የላቸውም። ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ የያዘ ሰው ብዙውን ክፍላቸውን ሊፈታ ይችላል።

ውኃ

ከሁሉ በፊት ስለ ውኃ እንናገር። አሮጌ ሞተር በአብዛኛው የሚጠፋው በዚህ ነው።

ሞተር ሲሠራ በውስጡ እሳት አለ። ያን እሳት የሚያበርደው በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል የሚመላለሰው ውኃ ነው። ውኃው ሞተሩ ውስጥ ይሞቃል። ወደ ራዲያተሩ ሄዶ በነፋስ ይበርዳል። ተመልሶ ይገባል።

አሁን ለእኛ ለደገኞች ልዩ የሆነውን ነገር ልብ በሉ። ውኃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን ቶሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 3000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ታዲያ በደጋ የሞተሩ ውኃ ለምን ቶሎ አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ስላለ ነው። ክዳኑ ዝም ብሎ መክደኛ አይደለም። ከውስጡ ላስቲክና ሞላ አለው። እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ከተወተፈ፣ መኪናዋ ዳገት ስትወጣ ውኃው ይፈላና ይገነፍላል። አንድ ክዳን መግዛት ትንሽ ወጪ ነው። የተቃጠለ ሞተር ማሠራት ግን የማኅበሩን ካዝና ያራቁታል።

ክዳኑ እንፋሎት አፍኖ ይይዛል ብለናል። ስለዚህ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ክዳኑን በጭራሽ አትክፈቱ። የፈላው ውኃ ፊትንና ዓይንን ይልጣል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠብቁ። የላይኛውን የጎማ ቱቦ በእጃችሁ ንኩት። እጅ የሚችለው ሲሆን ወፍራም ጨርቅ ደርባችሁ በመጀመሪያ በትንሹ አዙሩት። እንፋሎቱ ወጥቶ ይለቅ። ከዚያ ክፈቱት።

የሙቀት ማሳያው በመሪው ፊት ለፊት አለ። ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ተጽፈውበታል። እንደ ማጭድ የጎበጠው «ሲ» ይባላል፤ ቀዝቃዛ ማለት ነው። አንድ እርከን ብቻ ያለው መሰላል የሚመስለው «ኤች» ነው፤ ሙቅ ማለት ነው። ቀስቷ ከመካከል አልፋ ወደ መሰላሉ ስትጠጋ አቁሙ። «እዚያች መንደር ድረስ ትድረስ» አትበሉ። ብዙ ሞተር የተቃጠለው እዚያች መንደር ለመድረስ ሲባል ነው።

ካቆማችሁ በኋላም አትቸኩሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እንደ ማፍሰስ ነው። ምጣዱ ይሰነጠቃል። የሞተሩም አናት፣ ቴስታታ የምንለው፣ እንደዚሁ ይሰነጠቃል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁ። ከዚያም ሞተሩን አስነሥታችሁ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ።

ምን ዓይነት ውኃ ይጨመር? የወንዝ ውኃ ደለል አለው። የአንዳንድ ጉድጓድ ውኃም በጀበና ውስጥ እንደሚቀረው ያለ ነጭ ድንጋይ ይሠራል። ይህ ድንጋይ ቀጫጭኖቹን የራዲያተር ቧንቧዎች ይደፍናል። ከቆርቆሮ ጣራ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይሻላል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበ በኋላ ያለውን በጀሪካን ያዙ። ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ ከተገኘ ደግሞ ከውኃው ጋር ይቀላቀል። ቀዳዳ ለመድፈን እንቁላል የሚጨምር ሹፌር አለ። ለአንድ ጉዞ ሊያደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ጤነኞቹን ቧንቧዎች አብሮ ስለሚደፍን እኛ አንመክርም።

በመኸር ወቅት መኪናዋ በሣር መካከል ስትሄድ የሣር ፍሬና ገለባ በራዲያተሩ ስንጥቆች ላይ ይለጠፋል። ነፋስ ይከለክላል። ሞተሩ ሲበርድ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ውኃ እያፈሰሳችሁ እጠቡት። ከፊት ብትገፉት ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይጠልቃል። ማራገቢያውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በመሃሉ ላይ በአውራ ጣት ጫኑት። ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢረግብ ደኅና ነው። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል። ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ሳይበጠስ ይቀየር። የወጣው አሮጌ ቺንጋ አይጣል፤ መንገድ ላይ አንድ ቀን ይጠቅማል።

ዘይት

ዘይት የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ነው። ዘንጓን አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። መልሳችሁ እስከ መጨረሻው ክተቱ። እንደገና አውጡና አንብቡ። በዘንጓ ላይ ሁለት ምልክት አለ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሞተሩ አይነሣ። ከላይኛው በላይም አትሙሉ፤ መትረፍረፉ ራሱ ጉዳት አለው።

መልኩንም እዩ። የናፍታ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። ይህ አያስፈራም። ነገር ግን ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። መኪናዋን አታንቀሳቅሷት። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ «15 ደብልዩ 40» የሚል ታገኛላችሁ። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይነግራል። የኋለኛው በሙቀት ጊዜ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ያሳያል። «ደብልዩ» የፈረንጆች ክረምት፣ ማለትም የብርዱ ወራት ምልክት ነው። ነጋዴው «ያው ነው፤ ዘይት ዘይት ነው» ቢላችሁ አትመኑት። ራሳችሁ አንብቡ። ለናፍታ ሞተር የተሠራ መሆኑንም አረጋግጡ።

ለእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ዘይቱን ከነማጣሪያው በየ5000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር የተለመደ ነው። በአቧራማ መንገድ የምትሠራ መኪና ከዚያ ቶሎ ይቀየርላት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከሞተ ጉዞዋን ቁጠሩ። ወደ ወረዳው ከተማ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ 80 ጊዜ ስትመላለስ 4800 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። የወጣውን ቃጠሎ በወንዝ ዳር አትድፉት። ከብት የሚጠጣው ውኃ ነው።

አቧራ

አቧራ ማለት ደቃቅ ድንጋይ ነው። ሞተሩ ውስጥ ከገባ ወፍጮ እህልን እንደሚፈጭ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፈጫል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ታጨሳለች፤ ዘይት ትጠጣለች፤ ዳገት ያቅታታል። ሰው «አረጀች» የሚለው ይህን አይቶ ነው።

በብዙ አሮጌ ላንድ ሮቨሮች ላይ የአየር ማጣሪያው ወረቀት አይደለም። ከሥሩ ዘይት የያዘ ሳህን አለው። አየሩ በዘይቱ ላይ ሲያልፍ አቧራው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በበጋ ሳህኑን በየሳምንቱ ፈትታችሁ እዩት። ከታች ጭቃ ከተጠራቀመ ድፉት፤ በናፍታ እጠቡት፤ ንጹሕ የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ብቻ ሙሉ። ባለ ወረቀት ማጣሪያ ከሆነ በውኃ አይታጠብም። ቀስ ብሎ ተመትቶ ይራገፋል፤ ሲብስበት ይቀየራል። ያለ ማጣሪያ መንዳት ግን ለአንድ ቀንም አይገባም።

ነዳጅም ንጹሕ ይሁን። ከበርሜል የተቀዳ ናፍታ ውስጥ ውኃና ዝገት ይኖራል። በርሜሉ ይርጋ። ሥሩ ሳይናወጥ ከላይ ይቀዳ። በጥቅጥቅ ጨርቅ ይጠለል።

ናፍታ አልቆባት የቆመች መኪና ናፍታ ቢጨመርላትም ወዲያው አትነሣም። በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷልና ነው። አንዳንዱ ባትሪው እስኪሞት ድረስ ሞተሪኖውን ያስጮኸዋል። ምንም አይረባም! በነዳጅ ፊልትሮው ወይም በናፍታ ፖምፓው አጠገብ በእጅ የምትገፋ ትንሽ ፖምፓ ፈልጉ። በፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን አየር ማስወጫ ቡሎን በግማሽ ዙር አላሉ። አንዱ ሰው ፖምፓዋን ይግፋ። በመጀመሪያ አረፋ ይወጣል። አረፋው ቀርቶ ጥሩ ናፍታ ብቻ ሲፈስ፣ መግፋቱ ሳይቋረጥ ቡሎኗን አጥብቁ። ቡሎኗ ቀጭን ናትና በጉልበት አትሰበር። ይህን ሥራ በማኅበሩ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው። ሹፌሩ የታመመ ቀን ይፈለጋል።

ጎማ ሲቀየር

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

በተለመደው መኪና የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎችን ይይዛል። በአሮጌ ላንድ ሮቨርና በብዙዎቹ 40 ላንድ ክሩዘሮች ግን እንዲህ አይደለም። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈውን ዘንግ፣ ትራስሚሲዮኑን ነው። አሁን አስቡት። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት አነሣችሁ። የተነሣው ጎማ በአየር ላይ ነጻ ነው። በመካከላቸው ያለው ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ወደ ፊት ሲዞር ሌላው ወደ ኋላ እንዲዞር ይፈቅዳል። ስለዚህ ዘንጉ ተይዞ እያለ መሬት ላይ ያለው ጎማ ሊንከባለል ይችላል። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል፤ መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ከክሪኩም ትወድቃለች።

ስለዚህ ክሪክ ከመግባቱ በፊት መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ ይወተፍ። በተቻለ መጠን ሜዳ ፈልጉ። የጎማውን ዳዶዎች ጎማው ገና መሬት ላይ ሳለ አላሉ፤ ከዚያ አንሡ። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሳንቃ አንጥፉ። ሕፃናትን አርቁ።

ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። በክሪክ ብቻ ከተያዘች መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ እጁንም አያስገባ። ከሥር የሚሠራ ነገር ካለ ሻንሲው በወፍራም የግንድ ቁራጭ ይደገፍ። ድንጋይ ክብደት ሲያርፍበት ሊፈነዳ ስለሚችል ለዚህ አይሆንም። አዲስ የገባ ጎማም ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ።

በአራቱም እግር መጎተት

በላንድ ሮቨር ላይ ቢጫ ጫፍ ያላት ዘንግ አለች። ወደ ታች ስትጫን የፊት ጎማዎች ይጎትታሉ። ቀይዋ ዘንግ ደግሞ ለከባድ ዳገትና ለጭቃ የሚሆነውን ቀርፋፋ ኃይል ታስገባለች። በአንዳንድ መኪና በፊት ጎማዎቹ መካከል በእጅ የሚዞር ቁልፍ አለ። ሁለቱም ካልተቆለፉ የፊት ጎማ አይጎትትም። ሹፌሩ ዘንጉን አስገብቶ «አልሠራ አለች» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ረስቶ ነው።

በደረቅ አስፋልት ላይ ግን በአራቱም አትንዱ። መኪናዋ ስትታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም። በጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ይስተካከላል። አስፋልት ላይ መንሸራተቻ ስለሌለው ጥርሶቹና ዘንጎቹ ይጨናነቃሉ፤ በመጨረሻም ይሰበራሉ። ጥልቅ ወንዝ ከተሻገራችሁ በማግሥቱ የዲፈረንሻሉን ዘይት እዩ። ነጣ ብሎ ከተገኘ ይቀየር። ክሮቼራዎቹም ግራሶ ይወዳሉ። ግራሶ መግፊያ ከሌላችሁ ከጎረቤት ማኅበር ተዋሱ። ከመንዳት በፊት «ኳ» የሚል ድምፅ ከሥር ከተሰማ ክሮቼራ አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል።

በባትሪ በኩል ብዙ አንልም። በባትሪ አጠገብ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ። ውኃው ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ይጨመር። ስትፈቱ በመጀመሪያ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ገመድ፣ ስታስሩ መጨረሻ ላይ እርሱን።

ፍሬን

ፍሬንን ማየት የእናንተ ነው። መጠገን ግን የመካኒክ ነው። እዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም። የፍሬን ዘይት ሲጎድል አንድ ቦታ ይፈሳል ወይም ሸራው አልቋል ማለት ነው፤ መሙላቱ ብቻ አያድንም። በጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን እርጥበት ካያችሁ፣ ወይም ስትረግጡት ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ፣ ወይም መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበች፣ ሰው አትጫኑ። የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት በፍሬን ዘይት ቦታ አይጨመር። ላስቲኮቹን አሳብጦ ፍሬኑን ጨርሶ ያጠፋል። ቁልቁለት ላይም ማርሽ አውጥቶ ነዳጅ ለመቆጠብ መንሸራተት የለም። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል።

ደብተሩ

አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ከመሪው አጠገብ ይቀመጥ። ሹፌሩ መጻፍ ካልቻለ ከማኅበሩ መጻፍ የተማረ አንድ ሰው ይመደብ። ቀኑ፣ የተጨመረው ውኃና ዘይት፣ የተደረገው ጉዞ ይጻፍ። ይህ ሥራ ለወቀሳ እንዳይመስላችሁ። ሹፌሩንም ከሐሜት ያድነዋል። ጥቅሙን በምሳሌ እንየው። ደብተሩ እንዲህ ይላል እንበል፦

ጥቅምት 3፦ ውኃ ግማሽ ሊትር ተጨመረ።
ጥቅምት 10፦ ውኃ ግማሽ ሊትር።
ጥቅምት 14፦ ውኃ 1 ሊትር።
ጥቅምት 16፦ ውኃ 1 ሊትር። ከሥር የነጠበ የለም።

አንድ ቀን ብቻ ያየ ሰው «ውኃ ጎደላት፤ ጨመርንላት» ብሎ ያልፋል። አራቱን መስመር ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ውኃው እየፈጠነ ይጠፋል። ወደ ውጭም አይፈስም። እንግዲህ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ጠዋት ስትነሣ ነጭ ጭስ ብታበዛና ሞቃም ሳለ ነጭነቱ ባይጠፋ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት ጓርኒሲዮኑን በመቀየር ሊበቃ ይችላል። ከተዘገየ ቴስታታው ራሱ ይጣመማል፤ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

እንዲህ ያለ ነገር ያነበባችሁ ቀን መኪናዋን ጭነት አታስይዟት። ደብተሩን ይዛችሁ መካኒክ ዘንድ ሂዱና አራቱን መስመር አሳዩት። እርሱም የለወጠውን ዕቃ፣ ዋጋውንና ቀኑን በዚያው ደብተር ላይ ጽፎ ይፈርም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ ተቀብላችሁ ለማኅበሩ ኮሚቴ አስረክቡ።